የሰሎሞን መርዶ

ዓርብ ጥቅምት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል

ከጽዳት ሥራዬ ተመለስኩ። ሦስተኛው ፎቅ ዛሬም የሲጋራ መተርኮሻ አጠባ ነበር። የኢንሹራንስ ሰዎች እንዴት ነው የሚያጨሱት! ቀኑን ሙሉ የሌላውን ሰው ሞት ያሰላሉ፣ ለራሳቸው አይፈሩም። እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍብሽ። ውሃ ቢነካሽ አትቀየሚኝ፣ ደብተሬ።

አብራኝ የምትኖረዋ ልጅ፣ ሙሉ፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ቀን ታጠናለች። የታሰረችበት ቀን፣ የተፈታችበት ቀን፣ ሱዳን የገባችበት ቀን። መጀመሪያ በኛ፣ ቀጥሎ በነሱ አቆጣጠር። የስደተኞች መ/ቤት ቀጠሮዋ ጥቅምት 20 ነው። ከዓመት በላይ ደጅ ጠንታ አንድ ቀን ሰጧት። ቀን ማስጠናት አውቅበታለሁ፤ ደሴ የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ወንድሟን ሰሎሞንንም አስተምሬዋለሁ። እንደሱ ያለ ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። እሷም ከሱዳን ስትመጣ እኔን ፈልጋ እንግሊዝ አገር፣ ሼፈርድስ ቡሽ ድረስ የመጣችው የወንድሟ አስተማሪ ስለሆንኩ ነው። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ። ተስማምተን እንኖራለን።

ሰሎሞን እስር ቤት አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። እናታቸው አዲስ አበባ ዘመድ ተጠግታ በየእሑዱ ስንቅ ታቀብላለች። የሙሉም አቤቱታ ይኸው ነው። ወንድሜን አሰሩ፣ በሱ ሰበብ እኔንም አስረው ገረፉ፣ ብመለስ ይይዙኛል። ሌላ ነገር የለውም። እንግሊዝኛዋ ለገበያ ይበቃል፣ ለዚያ ክፍል አይበቃም። አስተርጓሚ እናቀርባለን ብለዋል።

ታች ኮሪደሩ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ጋሼ ወልዱ ናቸው። እሑድ ኤድመንተን፣ እኔ ቤት ብቅ በይ አሉኝ። ብቻሽን። ብቻሽን የምትለዋን ሁለቴ አሏት።

እሑድ ጥቅምት 11፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጋሼ ወልዱን አታውቂያቸውም። የአስመራ ሰው፣ ካቶሊክ፣ በንጉሡ ጊዜ ፖስታ ቤት የሠሩ። አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። እዚህ ያለን ሰዎች ደብዳቤ ከአገር የሚመጣልን በሳቸው አድራሻ ነው። እዚያ አገር ደብዳቤ ከፍቶ የሚመረምረው ስለበዛ እሳቸው በሮማ በኩል ሰው አላቸው። ልደትም፣ ሠርግም፣ ሞትም መጀመሪያ የሚደርሰው ለሳቸው ነው።

ደብዳቤው ከሙሉ አጎት ነው። ባለፈው ወር እናትየው ስንቅ ይዛ ሄደች፣ ስንቁን መለሱባት። የሱን ኮትና ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሰጧት። ከእንግዲህ አታምጪ አሏት። በቃ። ሞተ አላሏትም። አገሩ ሁሉ ግን ልብስ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አጎቱ ለሙሉ በወጉ ንገሩልን ይላል።

ጋሼ ወልዱ ዛሬ ነገ ሳንል እንንገራት አሉ። ሰው የገዛ ወንድሙን ሞት ሳያውቅ ሲስቅ ማየት ኃጢአት ነው አሉ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ያጠናችው ሁሉ ይጠፋባታል አልኩ። እንኳን የፈረንጅ ቀን ስሟም አይታወሳት። ቀጠሮዋ ይለፍ። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ፣ ጥቅምት 25፣ በንጋት፣ ሽማግሌ ይዘን፣ ለቀስተኛ አዘጋጅተን፣ በወጉ። በመጨረሻ አንቺ ካልሽ እሺ አሉ። አንቺ ካልሽ።

ባለ ሁለት ፎቁ ባስ ላይ ከላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ፈለግኩ፣ አልሆነም። እሷ ሳትሰማ እኔ እንዴት አስቀድሜ አለቅሳለሁ? ቤት ስገባ ሙሉ ፓስታ ሠርታ ጠበቀችኝ። ጋሼ ወልዱ ምን አሉ አለችኝ። የቤ/ክ ኪራይ ነገር ነው አልኳት። በላሁ። እንዴት እንደወረደልኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ረቡዕ ጥቅምት 14፤ ከሰዓት

ትናንት ማታ በቴሌቪዥን አሳዩን። የኛን ሰው። ሜዳ ላይ የወደቀውን፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን። ወሎ ነው፤ የኔ አገር። ታች ቤት ያሉት ጃማይካውያን ጠሩንና እነሱ ጋ አየን።

ዛሬ ሥራ ላይ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስለ ሰሎሞን አለቀስኩ። መጥረጊያና ባልዲ መሀል፣ ሻርፕ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ። ሱፐርቫይዘሯ ፓት በሩን ከፈተችው። አየችኝና እሷም አለቀሰች። አቀፈችኝ። ትናንት አይቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ የናንተን ሕፃናት፣ የናንተን ሕፃናት እያለች። አይ፣ እኔ ለአንድ ለተማርኩበት፣ ይቅርታ፣ ላስተማርኩት ልጅ ነው የማለቅሰው እንዴት ልበላት? ጠዋት ላይ የገንዘብ መሰብሰቢያ ቆርቆሮ አምጥታ የጽሕፈት መኪናዎቹ አጠገብ አስቀምጣ፣ በስሜ፣ ለአረጋሽ ወገኖች የሚል ጽፋበታለች። ጥሩ ሴት ናት። እንደዚህ ከልቧ ያቀፈችኝ ሰው እዚህ አገር የለም። ለዚህም ነው የምበሽቀው።

ከሰዓት የሙሉ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከወረቀት ሌላ የሚታይ የለም። የአጎትየውን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ በእጄ ተርጉሜ ሰጠኋት። ይህ ያለ ጥርጥር ይረዳል፣ ከነገው ፖስታ ጋር ለመ/ቤቱ እልከዋለሁ አለች። አንድ ነገር ለመንኳት። ሙሉ አልሰማችም፤ ቀጠሮው እስኪያልፍ እንዳትነግሪያት አልኳት። ለምን አለች። ወጋችንን አስረዳሁ። ሞት በስልክ፣ በመንገድ፣ በጠረጴዛ ማዶ አይነገርም አልኳት። ጠዋት በማለዳ፣ የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው። ደስ ይላል አለች። ደስ ይላል!

መ/ቤቱስ ቢነግራት? የሚለው ሐሳብ መንገድ ላይ መጣብኝ፤ ከሐሳቤ አወጣሁት። ማንም እናት የወለደችው ሰው ይህንንማ ያውቃል።

ማክሰኞ ጥቅምት 20፤ ከሰዓት 11 ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። እንደምንም አንብቢው።

አስተርጓሚው አልመጣም። ታሟል። የሚጠይቀው ሰውዬ ሌላ ቀጠሮ ከስድስት ወር በፊት አይገኝም አለ። ከዚያ እኔን አየ። እንግሊዝኛ ትችላለች? አመልካቿ ከተስማማች ትተርጉም። ሙሉ ደስ አላት። ፈረምን። ከሙሉ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ሸምገል ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ውሃ ቀድቶ የሰጠን። ሙሉ ቀኖቿን አንድም ሳትስት ተናገረች። አስተማሪነቴ ኮራ። ከዚያ ወንድምሽ የት ነው አላት። እስር ቤት ነው አለች። እናቴ በየእሑዱ ስንቅ ትወስድለታለች። ሽሮ አይወድም፣ ድንች ነው የምትሠራለት። ይህንንም ተረጎምኩ። ድንቹን ጭምር።

ሰውየው ዶሴውን ገለጠ። የኔን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ አወቅኩት። መዳፉን ላዩ ላይ አሳረፈ። እኔን ሳይሆን እሷን እያየ ጠየቀ፦ ወንድምሽ በሕይወት ለመኖሩ እርግጠኛ ነሽ?

ይህን መተርጎም ነበረብኝ። ሥራዬ ያ ነበር። አፌን ከፈትኩ። በሕይወት የምትለው ቃል ከአፌ ከወጣች ገና ጨርሼ ሳልናገር ይገባታል። እዚያ፣ ያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ላይ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ በተለጠፈበት ክፍል። ወንድሟን ከማያውቀው ሰው አፍ።

እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት፦ «እዚያው እስር ቤት ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

ጥቂት አየችኝ። «አዎን፣ እርግጠኛ ነኝ» አለች። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ጻፈ። ብዙ ጻፈ። ቀና ብሎም አመሰግናለሁ አለን።

ባቡር ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ደክሟት ነው።

ረቡዕ ጥቅምት 21

ጠበቃዋ ደወለች። ምን ተጠየቀች፣ ምን መለሰች? ሁሉም ደህና ነበር አልኩ። አስራ ስምንት ዓመት ልጅ እንዳይዋሽ ያስተማርኩ ሴት።

እሑድ ጥቅምት 25፤ ከቀትር በኋላ

ዛሬ ነበር። አልሆነም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።

ለጋሼ ወልዱ ትናንት ደወልኩ። ውሳኔው እስኪመጣ እንቆይ አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ በኔ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፣ ትናንት አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ሞትን እስከ መቼ ነው የምታሳድሪው? ቀን ቢራዘምለት የሚመለስ ይመስል!» አሉኝ። ውሳኔው ላይ እንዳታዝን ብዬ ነው አልኩ። ውሸት። ላንቺ ግን አልዋሽም። መርዶውን ከሰማች ሰውየው የጠየቃትን ታውቃለች። እኔ የቀየርኩትን ታውቃለች። የምፈራው ለሷ አይደለም፣ ለራሴ ነው።

ቤ/ክ አብረን ሄድን። ከተቀደሰ በኋላ ሁሉም ስለ ረሀቡ ያወራል። እንግሊዞቹ እህል እየጫኑ ነው ተባለ። ለኮረም አውሮፕላን አላቸው፤ እሰየው ይሁንላቸው፣ ነፍስ ይዳን። ለአንዲት ሙሉ ግን አንድ ማኅተም ይከብዳቸዋል። አዘኔታቸው ባሕር ይሻገራል፣ ደጃቸው ላይ ሲደርስ ያነክሳል።

ስለ ደብዳቤ አልጠየቀችኝም። ወትሮ እሑድ እሑድ ከአገር ምን መጣ ትል ነበር። አለመጠየቋ እፎይ አሰኘኝ።

ሐሙስ ኅዳር 6፤ ጠዋት

ሙሉ ጾም ጀምራለች። ጾመ ነቢያት ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ለረሀቡ ነው መሰለኝ። ወተት ብገዛላት አልነካችም። እየቀጠነች ነው። መጾምሽን ለእግዜር ተዪው፣ አንቺ ብዪ አልኳት። ፈገግ አለች።

የፓት ቆርቆሮ ሞላ። አለቃው ራሱ ከፎቅ ወርዶ ጨብጦኝ ሄደ። ስድስት ዓመት መተርኮሻውን ሳጥብ ስሜን አልጠየቀም። ለፓት ስለ ሙሉ ነገርኳት። እንዲያው ምን ትል ይሆን ብዬ። ፊቷ ተለወጠ። ክፋት አይደለም፤ ግራ መጋባት ነው። አዎ ግን፣ ሁሉም ቢመጣ የት እናስቀምጠዋለን አለች። የገዛ ልጇ ከማዘጋጃ ቤቱ ኪራይ ቤት ለማግኘት አምስት ዓመት ጠበቀ። ስለ ቤቱም እውነቷን ነው። ግን ሁሉም የት መጣ? አንዲት ልጅ ናት የመጣችው። በስሟ ነው የነገርኳት።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። በ65 የወሎ ገበሬ ደሴ መንገድ ዳር ሲወድቅ እኔም ደሴ ነበርኩ። ደመወዝተኛ። ጠዋት ት/ቤት ስሄድ በነሱ መሀል ነበር የማልፈው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጅ አዝላ በሬን አንኳኳች። ዳቦ ሰጠኋት። በማግስቱ አምስት ሆነው መጡ። በሦስተኛው ቀን በሬን ዘግቼ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ማንኳኳቱ ብዙ ቆየ። የፓትን ጥያቄ እኔም ጠይቄያለሁ፣ ደብተሬ። ሁሉም ቢመጣ።

እና ምን አፍ አለኝ? አለኝ። እኔ አንድ ክፍል ቤትና አንድ ዳቦ ነበረኝ። በሬ ላይም የተሰደደ ሁሉ ወደዚህ ይግባ የሚል አልለጠፍኩም። እነሱ ለጥፈዋል፣ የስደተኞች ውል ብለው። ራሳቸው ጻፉት፣ ራሳቸው ፈረሙበት፣ ሌላውንም ፈርም እያሉ ዞሩ። የእንግሊዝን ፓርላማ ታሪክ ለአስራ አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ሕግ ከንጉሥ በላይ ነው፣ ያለ ፍርድ ሰው አይታሰርም፣ እያልኩ። ሰሎሞን እጁን አወጣ። ይህ ለነሱ ሰው ብቻ ነው ወይስ ለሰው ሁሉ አለኝ። ለሰው ሁሉ ነው አልኩት። አምኖኝ ጻፈው። አምኖኝም ሄዶ ታሰረበት።

ሐሙስ ኅዳር 20፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

መጣ። ቡናማ ፖስታ። ሙሉ ገበያ ወጥታለች። በስሟ ነው፣ ግን ከፈትኩት።

አይሆንም።

ሁለት ገጽ ነው። ትሕትናው! ከአንድ ስድብ ይልቅ ይኸኛው ትሕትና ያቆስላል። አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው ነገሩ። አመልካቿ ወንድሟ መሞቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በጠበቃዋ በኩል አቀረበች፤ ስትጠየቅ ደግሞ በሕይወት ለመኖሩ እርግጠኛ ነኝ አለች። ሁለቱ ባንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ መ/ቤቱ ቀሪውንም ቃሏን ለማመን ይቸገራል። እስራቱን አይቀበልም። ጀርባዋ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቀበልም። ያችን ያጠናቻትን ቀን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ አይቀበልም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እኔ ነኝ። በሁለት እጄ ነው የጣልኩት። ደብዳቤውን እኔ ሰጠሁ፣ ጥያቄውን እኔ ቀየርኩ።

ግን ስሚ። ሰውየው እኮ ያውቅ ነበር። ደብዳቤው መዳፉ ሥር ነበር። አንዲት ልጅ ድንች ይወዳል እያለች ስለ ሞተ ወንድሟ ስታወራለት አልሰማችም ይሆን ብሎ አላሰበም። ዋሸች ብሎ አሰበ። ስድሳ ዓመት ሰው ሆኖ ኖሮ ያ ብቻ ነው የመጣለት።

ከሰዓት በኋላ፤ ሙሉ ስትመለስ ነገርኳት። እምቢ ማለታቸውን ብቻ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ወረቀቱን ልየው ብትል ምን እሆን ነበር! አላለችም። ቲማቲሙን አጠበች።

ዓርብ ኅዳር 21

ጠበቃዋ አፒል እናደርጋለን፣ ይግባኝ እንላለን አለች። አስራ አራት ቀን አለን። አራተኛውን አንቀጽ በእርሳስ አሰመረችበት። ይህ ካልተፈታ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም አለች። ሁሉንም ነገርኳት። ጥያቄውን መቀየሬን ጭምር። እርሳሷን አስቀመጠች። እኔ እንድቆጣሽ አትጠብቂ፣ ጊዜ የለንም አለችኝ።

መፍትሔው አንድ ነው። እኔ ቃሌን ጽፌ በመሐላ እፈርማለሁ። ሞቱን ደብቄያታለሁ፣ የመ/ቤቱን ጥያቄ ሆን ብዬ አዛብቻለሁ፣ ሙሉ ምንም አታውቅም ነበር። ከዚያ ዳኛው የሷን ቃል እንደገና ያየው ይሆናል። ይሆናል ነው ያለችው። ቀጥሎ ደግሞ እሷው፣ ሐቀኛ ናትና፣ ሌላውን ነገረችኝ። የኔ የመኖሪያ ፈቃድ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ጥር ላይ ያልቃል። መ/ቤቱን ያታለለ ሰው ወረቀት እንዴት እንደሚታይ ዋስትና መስጠት አልችልም አለች። ሌላ ጠበቃ አማክሪ አለችኝ።

ሙሉም ከዚያ በፊት መስማት አለባት። አፒሉ ላይ እሷ ናት የምትፈርመው።

ማክሰኞ ኅዳር 25፤ ከሰዓት

አራት ቀን አሰብኩ። ማሰብ አልለውም፤ ፈራሁ። ደሴ ብመለስ ማን አለኝ? ቀበሌው ስሜን የረሳ ይመስልሻል?

ዛሬ ደግሞ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ሙሉ ወጣት ናት፣ ሌላ አገር ትሞክር፣ ካናዳ ይቀበላሉ ይባላል። እኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ እግሬ ያብጣል። ይህን ሁሉ ለራሴ የተናገርኩት ኮሪደር እየወለወልኩ ነው። ከዚያ ያች ደሴ በሬን ያንኳኳችው ሴት ትዝ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን አላየኋትም እኮ፤ ማንኳኳቷን ነው የሰማሁት። ውስጥ ቆሜ ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር፣ ሌላ በር ትሞክር።

ባልዲውን ጥዬ ወጣሁ። ፓት ከኋላዬ ጠራችኝ። ከመንገድ ስልክ ለጋሼ ወልዱ ደወልኩ። እሑድ አልኳቸው። «እሑድ በአስራ አንድ ሰዓት እንመጣለን፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ» አሉኝ። አንድም ነቀፋ አልጨመሩም። ቢጨምሩ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ ኅዳር 28፤ ከሰዓት 9 ሰዓት

ፈረምኩ።

ጠበቃዋ ጽፋ፣ አንብባልኝ፣ መሐላ አስፈጻሚ ፊት ወስዳኝ። እኔ አረጋሽ፣ ከታች የፈረምኩት፣ እንዲህና እንዲያ። የመጨረሻው አረፍተ ነገር፦ አመልካቿ ይህ ቃል እስከ ተሰጠበት ቀን ድረስ የወንድሟን ሞት አልሰማችም። ጠበቃዋ ይህ መስመር ከሁሉም ይበልጣል አለች። የሚያድናት እሱ ነው። የሙሉን ፊርማ እሑድ ከመርዶው በኋላ ራሴ አስፈርሜ ሰኞ በማለዳ አደርሳለሁ፣ ሰኞውኑ ይገባል።

ስወጣ ቀለል አለኝ። ሞኝነት ነው፤ ግን ቀለል አለኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እውነት የሆነ ወረቀት ላይ ስሜን ጻፍኩ።

እሑድ ኅዳር 30፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ወጥ ቤት ነኝ። ሻይ እያፈላሁ። ለቀስተኛው ክፍሉን ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ቶሎ ልጻፈው።

ከሌሊቱ በአስር ሰዓት ተነሳሁ፣ እንዳትነቃ በባዶ እግሬ። ታች ወርጄ በሩ ጀርባ ጠበቅኩ። በአስራ አንድ ሰዓት ጋሼ ወልዱ መጡ፣ ከሳቸው ጋር ሁለት ሴቶች ከቤ/ክ። ጋሼ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ቀስ ብለን ደረጃውን ወጣን። በሩን ገፋሁ።

መብራቱ በርቷል። ሁለቱም አልጋ ተነጥፏል። አልጋዬ ወደ ዳር ተገፍቷል። የጃማይካውያኑ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። መቼ ተዋሰቻቸው? ሙሉ መሀል ላይ ቆማለች። ጥቁር ቀሚስ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ።

ጋሼ ወልዱ እግራቸው ደፉ ላይ ቀረ። እሷ ናት የተናገረችው። «ይግቡ ጋሼ። ይቀመጡና ይንገሩኝ» አለች።

ገቡ። ተቀመጡ። በወጉ፣ ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ያባቷን ስም ጠርተው ነገሯት። እስኪጨርሱ ቆማ ሰማች። ከዚያ ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከደሴ ከወጣሁ አልሰማሁም። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። ይደብድብ።

ትንሽ ስትበርድ ወደዚህ ይዣት መጣሁ፣ ውሃ ላጠጣት። እንዴት አወቅሽ አልኳት።

«አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እኮ እትዬ። መናገር ነው የሚያቅተኝ። ሰውየው ምን እንዳለኝ ሰምቻለሁ። እርስዎ ግን ሌላ ጠየቁኝ። የጠየቁኝን መለስኩ።»

አርባ ቀን። አርባ ቀን አብራኝ በላች፣ አብራኝ ተኛች። ጾሟ ያ ነበር። አለመጠየቋ ያ ነበር። ለምን ዝም አልሽ አልኳት፣ በድፍረቴ።

«መርዶ መቼ መጣልኝ? ከማን ሰማሁ ልበል፣ ከሱ? ወንድሜን እዚያ ወንበር ላይ፣ ያ ሰውዬ እየጻፈ፣ ላለቅሰው? እናንተን ጠበቅኩ። እርስዎም የፈሩ መሰለኝ፣ ፍርሃቱን ጨርሰው እስኪመጡ ጠበቅኩ። ትናንት ሻይና ስኳሩን አብዝተው ሲገዙ ቀኑ እንደ ደረሰ ገባኝ።»

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። ከዚያ ሴቶቹ መጥተው ወሰዷት። አፒሉን ፈርማለች፤ ወረቀቱ እዚህ ማሰሮው አጠገብ ነው።

አሁን አስቢ ደብተሬ። ነገ በማለዳ የሚሄደው የኔ መሐላ የመጨረሻ መስመሩ ውሸት ሆነ። እስከ ዛሬ አልሰማችም ይላል። ሰምታለች። ለጠበቃዋ ብናገር ታርመዋለች፣ ሐቀኛ ናትና። ከዚያ ዳኛው ያነባል፦ ሰምታ ነበር፣ ግን እርግጠኛ ነኝ አለች። አለቀ። አራተኛው አንቀጽ እንደገና። ሰው ሞትን ሰምቶም ገና አልተነገረኝም ብሎ አርባ ቀን ቁጭ እንደሚል፣ ይህም ውሸት እንዳልሆነ፣ የትኛው ፎርም ላይ ነው የሚሞላው? እነሱ የሚፈልጉት እውነቱን ከሆነ እውነቱ እዚያ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነው፣ መጥተው ይዩት። አይመጡም። የሚፈልጉት የሚገጥም ወረቀት ነው። ይኸው ገጥሟል።

አልደውልም። ከታች የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ ኃጢአቱም የኔ ይሁን። ጥር የሚያመጣውን ጥር ላይ አያለሁ።

ሻዩ ፈላ። ልግባ። እኔም እኮ ተማሪዬን በወጉ ገና አላለቀስኩትም።